ለንደን በሚያዝያ፦ ከብርዱ ይልቅ አበባው

ሱሉልታ ላይ የማሰለጥናቸው የማራቶን ልጆች ወደ ለንደን ሊሄዱ ሲሉ ሰው ሁሉ የሚመክራቸው ስለ ብርዱ ነው። ጃኬት ደርቡ፣ ኮፍያ አትርሱ ይሏቸዋል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ በውርጭ የሚሮጥን ልጅ የለንደን ብርድ ምን ያደርገዋል? እኔን የሚያሳስበኝ ቱሪስቱ ከፍሎ ሊያየው የሚጎርፍለት ጸደይ ነው።

የለንደን ማራቶን በወትሮው የሚሮጠው በእኛ ሚያዝያ አጋማሽ ነው። ያን ሰሞን በርች የሚባለው ዛፍ ብናኙን ለነፋስ ይለቃል፤ በየመንገዱ ዳር የተደረደረው ፕሌንም ይከተለዋል። ሰው ፎቶ የሚነሳበት ቀይና ቢጫ አበባ እንኳ ብዙ ጥፋት የለበትም። የእሱ ብናኝ ከበድ ያለና የሚያጣብቅ ስለሆነ የሚያመላልሰው ንብ ነው፤ በአየር ላይ እምብዛም አይንሳፈፍም። ሰበታ፣ የጽጌረዳ እርሻ አጠገብ ያደገች ሯጭ “አበባማ ለምጃለሁ” ስትለኝ የምመልስላት ይህንኑ ነው። ጣጣው ማንም ቀና ብሎ ከማያየው የዛፍ አበባ ነው። ሯጭ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ አፉን ከፍቶ አየር ሲስብ ይቆያል፤ የሚጨርሰውም ግራና ቀኙ ፕሌን በተተከለበት ዘ ሞል ጎዳና ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። መጀመሪያ ጎኑን የወጋው መስሎ ነበር፤ በኋላ የተነገረው ግን የብናኝ አለርጂ ነው። ከአምስት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ በርሊን ላይ 2:04:26 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ልዩነቱን ሁሉ ለወቅቱ አልሰጥም። ነገር ግን ያንን ያህል ሯጭ ካስቆመ፣ ገና የመጀመሪያ ውድድሩን የሚሮጥ ልጅን ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ቡራዩ የምትኖር አንዲት ልጅ ለንደን በገባች ማግስት ዓይኗ ቀልቶ፣ እያስነጠሳት ደወለችልኝ። “ኮች፣ ምች ነው መሰለኝ፤ ምነው ዳማከሴ ይዤ በመጣሁ” አለችኝ። ዳማከሴው ባልከፋ። የሚያስፈራኝ ሆቴሉ ሥር ያለው ፋርማሲ ነው። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉት የአለርጂ ኪኒኖች አልተከለከሉም፤ ነገር ግን አፍንጫ እንዲከፍት ሱዶኢፌድሪን የተቀላቀለባቸው ዓይነቶች አሉ፤ እሱ በውድድር ዕለት ሽንት ውስጥ ከተወሰነው መጠን በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ ኪኒንም ሆነ መርፌ በውድድር ጊዜ ክልክል ነው። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል እንኳ በ24 ሰዓት ከ1,600 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። እንግሊዝኛው የማይሆንላት ልጅ ማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብባ ይህን ሁሉ ትለያለች ማለት ዘበት ነው። “ሐኪም ነው ያዘዘልኝ” ማለትም ብቻውን አያድንም፤ የተከለከለ መድኃኒት ግድ ከሆነ ለሕክምና ሲባል የሚሰጠው ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

በሚያዝያ ወደ ለንደንም ሆነ ወደ ፓሪስ ልጅ የምትልኩ አሰልጣኞችና ማናጀሮች፣ የቪዛውን ጉዳይ ስትጀምሩ የአለርጂና የትንፋሽ ምርመራውንም አብራችሁ አስጀምሩ። የተፈቀደውን መድኃኒት እዚሁ አገር ቤት በሐኪም አሳዝዛችሁ በሻንጣዋ ክተቱላት።