ተቀብሎ ስለ መጠበቅ

ያለ ዋጋ የመጣ ስጦታን መመለስ እንደ ትዕቢት ይቈጠራል። ነገር ግን ብዙ ሕዝብ የሚገለገልበትን ሥራ የያዘ ማኅበር የሚቀበለውን መርምሮ ካልመረጠ ስጦታው ዕዳ ይሆንበታል።

ለዚህ ነገር ዴቢያን የተባለው ማኅበር ምሳሌ ይሆናል። በ1993 እ.ኤ.አ. በኢያን መርዶክ የተመሠረተ ሲሆን፥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ሰብስበው ለማንም ሰው በነጻ ያድሉበታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ የመቀበያውን ደንብ በጽሑፍ አጸና። በደንቡም መሠረት አንድ ፕሮግራም በዋናው ክፍል የሚገባው፥ ማንም ሰው ምንጩን አይቶ እንዲያርመውና አባዝቶ እንዲያድለው ፈቃዱ የሚፈቅድ ሲሆን ነው፤ ለአንዱ ፈቅዶ ሌላውን የሚከለክል ተቀባይነት የለውም።

ሆኖም ደንብ የሚወጣው ሰውን ለመጥቀም እንጂ ለማስጨነቅ አይደለም። አንዳንድ የኮምፒዩተር ዕቃዎች ሠሪዎቹ ምንጩን ያልገለጡት ፈርምዌር ካልተጫነላቸው አይሠሩም። ስለዚህ አባሎቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥተው ይህ ፈርምዌር ከመጫኛው ጋራ እንዲታደል ፈቀዱ፤ ይሁን እንጂ በተለየ ክፍል ተቀመጠ እንጂ ነጻ ነው አልተባለም።

የከፋው ፈተና በ2024 እ.ኤ.አ. መጣ። ኤክስዜድ የተባለው ፋይል አጨማቂ ፕሮግራም ፈቃዱ እንከን አልነበረበትም። ነገር ግን ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቅን ረዳት መስሎ አመኔታን ካገኘ በኋላ የተሰወረ ተንኰል አገባበት። ይህም በመፈተኛ ላይ ወዳሉት የዴቢያን እትሞች ከገባ በኋላ፥ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ቢመረምር ተንኰሉ ተገለጠ። ተፈትኖ ወደ ጸናው እትም ግን ገና አልደረሰም ነበር።

እንግዲህ ተቀባዩ የፈቃዱን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ሊያበቃ አይገባውም፤ ሥራውን ነገ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነም ሊጠይቅ ያስፈልገዋል። ዴቢያን ጠባቂ ያጣውን ፕሮግራም ወላጅ አልባ ብሎ መመዝገቡ፥ የሚረከበው ባይገኝም ከመዝገቡ ሊሰርዘው መቻሉ ስለዚህ ነው። የሚቀበል ሁሉ አደራ ይሸከማልና፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ መባሉም በከንቱ አይደለም።