ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ግጦሽና ስለ አፈር ነው።

የጎጣችን የወል ግጦሽ በእሾህ አጥር ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን እኔ አንደኛ ክፍል ሳልገባ ጀምሮ የተከለለ ነው፤ ሣሩ ሲደርስ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል። በሌላው ወገን ዓመቱን ሙሉ ከብት ይውልበታል። አምና በበጋ ላሞቻችን ሲርባቸው አላስችል ብሎኝ አጥሩን ከፍቼ ወደ ክልሉ አስገባኋቸው። አባቴ ተቀጣ። እኔም "ይሄን ሁሉ ሣር ለማን ነው የሚያስቀምጡት?" ብዬ ተናደድኩ።

መልሱን ያገኘሁት ዘንድሮ ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ስንማር ነው። ሣር በቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይወስዳል። በፀሐይ ብርሃንና በውሃ ምግቡን ይሠራል። ከምግቡ ከፊሉ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ሥሩ ሞቶ ሲበሰብስ የተወሰነው ካርቦን አፈር ውስጥ ይቀራል። አፈሩን ጥቁርና ለም የሚያደርገው ይሄ ብስባሽ ነው። አየር ላይ የሚበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ስለሚያሞቅ፣ ካርቦኑ አፈር ውስጥ መቀመጡ ሁለት ጥቅም አለው ማለት ነው።

ሣሩ ሳያገግም በየቀኑ ከተጋጠ ግን ቅጠል አይኖረውም። ቅጠል ከሌለ ምግብ የለም፤ ሥሩም ያጥራል። መሬቱ ይራቆትና ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወስደዋል።

ለማረጋገጥ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ጓል አፈር አምጥቼ አደረቅኩ። ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብዬ ከተትኳቸው። ከግጦሹ የመጣው ወዲያው ፈረሰና ውሃውን አደፈረሰው። ከክልሉ የመጣው ግን ሥሩና ብስባሹ ስላያያዘው ብዙ ቆየ። እናንተም ሞክሩት።

ታዲያ ከብት የአፈር ጠላት ነው? አይደለም። ዋናው ነገር ለሣሩ ዕረፍት መስጠት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ የሚኖረው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ ለረጅም ዘመን ተጠቅሟል።

አሁን ጎጣችን ውስጥ "ክልሉ ይከፈት" የሚሉ ሰዎች አሉ። ዝም ብሎ ከተከፈተ ስንት ዓመት የተጠራቀመው ካርቦን ቀስ በቀስ ወደ አየር ይመለሳል። የኔ ሐሳብ ሁለቱንም ሜዳ በየተራ እናሳርፍ የሚል ነው። ለአባቴ ስነግረው "ያስቀጣኸኝ ልጅ ዛሬ ለሣሩ ጠበቃ ሆንክ?" ብሎ ሳቀ። ግን በእሁዱ ስብሰባ ላይ እንደሚናገርልኝ ቃል ገብቶልኛል።