የብረታ ብረት ሙያ በጎብዬና አካባቢዋ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ አብቃይ የራያ ቆላ ነው፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆም ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ በሚወጣ ውሃ መስኖ ይለማል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ቧንቧ የሚበይድ፣ የፓምፕ ዘንግ በቶርኖ የሚያስተካክል፣ ከላሜራና ከቱቦላሬ በርና መስኮት የሚሠራ ባለሙያ እዚሁ ያስፈልጋል።

በሰሜን ወሎ ሙያ ከሚያሠለጥኑት ተቋማት አንዱ ወልድያ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በትብብር ሥልጠና ሠልጣኙ ድርጅት ገብቶ ይሠራል፤ እጅ የሚፈታውም በዋናነት እዚያ ነው። የሙያ ብቃት ምዘናውን ያለፈ የምስክር ወረቀት ያገኛል።

ብየዳ የሚማር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአርክ ብየዳ ብርሃን አልትራቫዮሌት ጨረር አለው። ዓይንን ሲጎዳ ሕመሙ የሚሰማው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አያድንም። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትላል። ያለ ብየዳ ማስክ አትበይዱ፤ በር ላይ ቆመው የሚያዩ ልጆችንም አርቁ።