በሩ ሲጮኽ ምን እያለን ነው?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና የበር ጎማ ነው። «እኛ የምንሳፈረው በታክሲና በአውቶብስ ነው፤ የመኪና በር ምን ያገባናል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡን፣ ኢንሻአላህ፣ መኪና ያለውም የሌለውም ለቤቱ የሚወስደው ነገር አያጣም።

ዝም ያለው በር

አባቴ ዕድሜያቸውን በሹፍርና ያሳለፉ ሰው ናቸው። በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የምትቆመው መኪናቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ፣ በአዲስ አበባ ሰው አጠራር «ዲኤክስ» ነበረች። ለሱብሒ ሰላት ሲወጡ የሾፌሩ በር «ሲጥጥ» ብሎ ይጮኻል። ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ደግሞ አራቱም በሮች ይቀባበሉታል። የጎረቤት ልጆች በድምፁ ብቻ የማን መኪና እንደመጣ ያውቁ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ከእንግዲህ መንዳት እንደማይችሉ፣ ቀዶ ሕክምናም እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪም ነገረን። በቤታችንም የተጠራቀመ ዕዳ ነበረ። ስለዚህ መኪናዋ እንድትሸጥ ተወሰነ። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ከፍ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት አሮጌ መኪና ዋጋው አልወረደም። ገዢ አልጠፋም፤ ቅዳሜ ሊመጣ ተቀጣጠርን።

ዓርብ ማታ እኔ ልጃቸው አንድ ነገር አደረግሁ። የሞተር ዘይት በጨርቅ ነክሬ የአራቱንም በሮች ጎማ ቀባሁ። ጩኸቱ ጠፋ። ክረምቱ ገና አልወጣምና ከጋቢናው ተሳፋሪ እግር ሥር ውኃ እንደሚጠራቀም አውቅ ነበር። በላዩ ላይ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩበት። ይህ ሁሉ ውሸት አልመሰለኝም። «ገዢው ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ፤ ካልጠየቀኝ ግን የራሱ ጉዳይ ነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በማግሥቱ አባቴን ወደ መስጊድ ልወስዳቸው ወረድን። አባቴ በሩን ከፍተው ዘጉት። ቆም አሉና እንደገና ከፍተው ዘጉት።

«ይህ በር ዝም ብሏል» አሉ። «ምን አደረግኸው?»

«ዘይት ቀባሁት፣ አባ።»

«ጎማ ዘይት ይቀባል እንዴ? ለማንስ ብለህ ነው የቀባኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ጎንበስ ብለው በአዲሱ ምንጣፍ ሥር እጃቸውን አስገቡ። ሲያወጡት ጣቶቻቸው ረጥበው ነበር።

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ምክንያቱም በዚያው ሳምንት በመድረሳ ለልጆች ያስተማርኩት ሐዲስ ይኸው ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደተነገረው፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ባለማድረጉ ወቀሱት፤ የሚያጭበረብር ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ልብ በሉ! ያ ነጋዴ ስለ እህሉ የተናገረው ውሸት አልተጠቀሰም። ጥፋቱ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነበር።

አባቴ ሐዲሱን አልጠቀሱልኝም። «እርጥቡን ወደ ላይ አውጣው» አሉኝና ወደ ሰላታችን ሄድን።

ጎማው ለምን ይጮኻል?

ከሰላት መልስ ገዢው እስኪደርስ ድረስ ሥራ ጀመርን። የገዢውን ነገር ኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ ያን ቀን ከአባቴ፣ ከዚያም በኋላ ከመካኒኮችና ከመጻሕፍት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጮኽ ያልሰማ ተማሪ የለም። ጠመኔው ሰሌዳውን ይዞ ይቆማል፤ እጃችን ሲገፋው ድንገት ይለቅና ይንሸራተታል፤ ወዲያው ደግሞ ይይዛል። ይህ መያዝና መልቀቅ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። የደረቀ የበር ጎማም በቀለሙ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር በሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ጎማውም ይይዛል፣ ይለቃል።

ጎማ በተፈጥሮው ሲሞቅ የሚያጣብቅ፣ ሲቀዘቅዝ የሚደርቅ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ከድኝ ጋር ሲሞቅ ጠንካራና ተለማጭ እንደሚሆን ደረሰበት፤ በ1844ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የዛሬዎቹ የመኪና በር ጎማዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ይህ ጎማ ፀሐይንና ዝናብን ከተፈጥሮ ጎማ ይበልጥ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ነገር ልክ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። በበጋ ወራት ፀሐይና አቧራ ያደረቁት ጎማ ክረምት ሲገባ ውኃ መያዝ ያቅተዋል።

ታዲያ ዘይት ምን ያደርጋል? ለብረት ይጠቅማል፤ ለኢፒዲኤም ግን ጠላቱ ነው። የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ ናፍታ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ሌላው ቀርቶ እናቶቻችን ለቆዳ የሚገዙት ቫዝሊን ሁሉም ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ናቸው። ጎማው ይመጣቸዋል፤ ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ቅርፁንም ያጣል። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ይብሳል። አቧራም በዘይቱ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን እንደ ሸካራ ወረቀት ይፈገፍጋል።

መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ምርመራ

የመጀመሪያው ሥራ የጩኸቱን ምንጭ ማወቅ ነው። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የብረቱ ማጠፊያ ነው። ዘይትና ግራሶ የሚገባው እዚያ ነው። መኪናዋ ስትሄድ የሚጮኽ ከሆነ ግን ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና ትንሽ ንዱ። ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ ጥፋተኛው ጎማው ነው።

ቀጥሎ በሩን በግማሽ ከፍታችሁ ከጫፉ ወደ ላይ አንሡት። ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ማጠፊያው በልቷል፤ በሩ ወርዷል ማለት ነው። ይህ የጎማ ሳይሆን የባትላሜራ ሠራተኛ ሥራ ነው። የወረደ በር ላይ አዲስ ጎማ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛው የወረቀት ፈተና ነው። አንድ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገ ደህና ነው። ያለ ምንም ችግር ከወጣ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። በዙሪያው ሁሉ ሞክሩት። እንደ እኔ መምህር ከሆናችሁ ደግሞ ጠመኔ በኪሳችሁ አይጠፋም። ጎማውን ጠመኔ ቀብታችሁ በሩን ዘግታችሁ ክፈቱት። ነጩ ምልክት በበሩ ላይ ያልታተመበት ቦታ ጎማው የማይነካበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥና ከውጭ በጆግ ውኃ ይፍሰስ። ከታች ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው ወደ ታች ስለሚወርድ የገባበትን ቦታ አትለዩትም።

አንድ ነገር አትርሱ። በመስኮቱ መስተዋት በኩል ወደ በሩ ሆድ የሚገባ ውኃ መውጫው በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። እነዚህ በጭቃ ከተደፈኑ ውኃው በበሩ ውስጥ ይቀራል፤ ብረቱን ይበላል፤ ሞልቶም ወደ ምንጣፉ ይፈስሳል። በቀጭን እንጨት ማጽዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የእኛ ዲኤክስ ከግማሽ በላይ የሆነው ችግሯ ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ጥገናው

የቆሸሸ ጎማ በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል። ጎማው የሚያርፍበት የብረት ጠርዝም አብሮ ይታጠብ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ በጥላ ሥር ይናፈስ። ሲደርቅ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ወይም ለጎማ የተሠራ ሲሊኮን በጨርቅ በስሱ ይቀባል። ግሊሰሪን በብዛት ከተቀባ አቧራ ይይዛልና ትርፉን ጥረጉት። በየክረምቱ መግቢያና መውጫ አንድ ጊዜ ቢደረግ ጎማው ብዙ ዘመን ያገለግላል።

የተላቀቀ ጎማ ከሆነ አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ ይነሣ፤ ከዚያ ማስቲሽ በሁለቱም በኩል በስሱ ተቀብቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ይለጠፍ። የተቀደደ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ከሆነ ግን መቀየር ነው። በመኪና መለዋወጫ መሸጫዎች አዲስም ያገለገለም ይገኛል። ያገለገለ ስትገዙ በጣታችሁ ተጫኑት፤ ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ቅርፁን አስተያዩ። በጣም ወፍራም ከሆነ በሩ አልዘጋ ይላል። የትም ብትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። ከሰው መኪና ላይ የተነቀለ ዕቃ ለመኪናችን ቢስማማ እንኳ ለእኛ ሐላል አይሆንም።

ስትገጥሙት አትለጥጡት። የተለጠጠ ጎማ ውሎ አድሮ ይሸበሸብና መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል። ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡት፤ መጋጠሚያውንም ከበሩ ሥር አድርጉት።

ገዢው ሲመጣ

ገዢው ደረሰ። ሁለት ልጆች ያሉት፣ በመኪናዋ ሠርቶ ቤቱን ሊያስተዳድር ያሰበ ወጣት ነበር። እኔና አባቴ ምንጣፉን አንሥተን ጠበቅነው። ውኃው፣ ከሥሩ የጀመረው ዝገት፣ በሳሙና ታጥቦ ያልደረቀው ጎማ ሁሉም ገሃድ ነበር። ማታ ምን እንዳደረግሁም በራሴ አንደበት ነገርኩት። እንደዚያ ቀን ምላሴ ከብዶኝ አያውቅም።

ወጣቱ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሌላውስ ደህና ነው፣ አባባ?» ሲል አባቴን ጠየቃቸው።

«እኛ የምናውቀው ይህን ነው፣ ልጄ። የማናውቀውን ደግሞ መካኒክህን አምጥተህ አሳይ» አሉት።

መካኒክ አመጣ። ዋጋውንም ቀነሰ። የቀነሰው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ከዕዳችን የተወሰነው ሳይከፈል ቀረ፤ ለሕክምናው የጎደለውን ወንድሞቼ ተረዳድተው ሞሉት። ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ግን ወጣቱ ኮቱን አውልቆ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ዘይቱ የቆየው አንድ ሌሊት ብቻ ስለነበር የሦስቱ በሮች ጎማ ደጋግሞ በሳሙና ሲታጠብ ተረፈ። የአራተኛውን አብረን ቀየርነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሻጭና ገዢ እውነቱን ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ ተነግሯል። በረካ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

በየቤታችን ያለው በር

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! በየቤታችን የሚጮኹ በሮች ብዙ ናቸው። ውጤቱ የወረደ ልጅ ካርዱን ሲደብቅ በቁጣ ዝም እናሰኘዋለን፤ ለምን እንዳልገባው ግን አንጠይቅም። ባለቤታችን ስታማርር ስጦታ ገዝተን እናስደስታታለን፤ ያማረረችበት ነገር ግን ባለበት ይቀመጣል። ወንድም ከወንድሙ ተኳርፎ በዒድ ቀን ተሳሳሙ ተብሎ ይሳሳማል፤ ያጣላቸው ጉዳይ ግን ከምንጣፉ ሥር እንደረጠበ ይኖራል። ዘይት መቀባት ቀላል ነው። አንድ ሌሊትም ያሳድራል። ጩኸቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ክፍተት አለ እያለን ነበር።

አባቴ አንድ ዓይናቸው ታክሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቁርኣናቸውን ያለ ረዳት ያነባሉ። ያቺ ዲኤክስም አሁን በልደታ ስታልፍ በሮቿ አይጮኹም። ስለዚህ ወጣቱ አባቴን ከመስጊድ ሲመለሱ ባያቸው ቁጥር መምጣቱን እንዲያውቁለት ክላክስ ያደርግላቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ከውስጥም ከውጭም ያሳምርልን። ወላሁ አዕለም።