የመጠጥ ውሃ ደረጃ ሲጠብቅ ክሎሪን ብቻውን አይበቃም

አዲስ አበባ፤ በኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ሊኖረው የሚገባው የጥራት ደረጃ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበቀ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የውሃ ሀብት ሚኒስቴር መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አስገዳጅ ደረጃ፣ ኢኤስ 261፣ መጠኑን ወደ 1.5 ሚሊ ግራም አውርዶታል። አርሰኒክና እርሳስ እያንዳንዳቸው ከ0.01፣ ናይትሬት ደግሞ ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ ደንግጓል።

ደረጃውን ማሟላት ግን እንደ ውሃው ምንጭ ይለያያል። ኮልፌ ቀራኒዮን ጨምሮ የምዕራብ አዲስ አበባ ነዋሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ምንጮች አንዱ በአምቦ መንገድ የሚገኘው፣ በ1930ዎቹ የተገነባው የገፈርሳ ግድብ ነው። የግድብ ውሃ ዋነኛ ችግር በተለይ በክረምት ጭቃና ተህዋስያን በመሆናቸው በማጣሪያ ጣቢያ ደለሉን ማዝቀጥ፣ በአሸዋ ማጣራትና ክሎሪን መጨመር ያስፈልጋል።

የጉድጓድ ውሃ በአንጻሩ ለዓይን ንጹህ ሆኖ በውስጡ የሟሟ ናይትሬት ሊይዝ ይችላል። ናይትሬትን ክሎሪን አያጠፋውም፤ ማፍላትም ውሃውን በማትነን ክምችቱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። መጠኑ ሲበዛ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። በመዲናዋ አንዳንድ ጉድጓዶችና ምንጮች ይኸው ብክለት በጥናት ታይቷል፤ መነሻውም በአብዛኛው የመጸዳጃ ጉድጓድና የፍሳሽ ስርገት ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቆሼ የቆሻሻ ማከማቻ ሲነሳ የሚታወሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ከ110 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው አደጋ ነው። የዝናብ ውሃ ክምሩን አልፎ ወደ መሬት ይዞት የሚሰርገው ፍሳሽ ግን ብዙም አይነገርለትም። በአካባቢው ያሉ ጉድጓዶች ለከባድ ብረቶች ጭምር በየወቅቱ መመርመር የሚኖርባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ከደረጃው ያለፈ ጉድጓድ ከተሻለ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ያም ካልበቃ ይዘጋል።

ውሃው ከጣቢያው ንጹህ ሆኖ ቢወጣም በመንገድ ሊበከል ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርድና በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ከውጭ ፍሳሽ ይስባል። ስለዚህ ናሙና ከማጣሪያ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ መጨረሻ ካለ የቤት ቧንቧም መወሰድ አለበት፤ በዚያ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም ማነሱ መስመሩ እንዲፈተሽ የሚያስገድድ ምልክት ነው።

ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የእርሳስን መጠን ከ0.01 ወደ 0.005 ሚሊ ግራም ሲቀንስ፣ አሮጌ ቱቦዎችን ለመለወጥ እስከ 2036 ድረስ ጊዜ ሰጥቷል።