ሜዳና ሆኪ

በወልቂጤ ዙሪያ ባሉ የጉራጌ መንደሮች ለኖረ ሰው ጀፎረን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተንጣለለው ሣራማ ጎዳና ሠርጉንም ለቅሶውንም ጨዋታውንም ይችላል። ታኅሣሥ 29 ቀን ሁለት ቡድኖች የገና ዱላ ይዘው እዚያ ቢገጥሙ፣ ሩሯን ብቻውን እየነዳ የሚዘልቅ ጉልበተኛ ቶሎ ይደክማል፤ ለባልንጀራው አቀብሎ ወደ ባዶው ቦታ የሚሮጠው ግን ይቀናዋል። ግጥሚያው ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ወዳለ ጠባብ መንገድ ቢዛወር ግን ትከሻ ያለው ይበልጣል። ሩሲያውያንና አሜሪካውያን በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ የተለያየውም፣ እንደኔ አስተያየት፣ በዚሁ በሜዳ ነገር ነው።

በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ያህል ነው፤ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን የተለመደው 60 በ30። አራት ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ በመንሸራተቻ ጫማ ለሚበር ሰው ግን ማምለጥና ከግድግዳ መላተም የሚለዩበት ርቀት ነው። ስለዚህ አሜሪካውያኑ ከካናዳ እንደተማሩት፣ ፓክ የምትባለውን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ወደ ተጋጣሚ ጥግ ሰደው፣ ተከትለው፣ ተከላካዩን ከግድግዳው አጣብቀው መንጠቅን ለመዱ። የሩሲያውያን ውርስ ከዚህ በጣም የሰፋ ነው። የመጀመሪያው የሶቪየት የሆኪ ሻምፒዮና በ1946 (እ.ኤ.አ.) እስኪጀመር ድረስ የሚያውቁት ባንዲን ነበር፤ የእግር ኳስ ሜዳ በሚያህል በረዶ ላይ፣ 11 ለ11 ሆነው፣ በኳስ። ለገናችን ከሆኪው ይልቅ የሚቀርበውም እርሱ ነው። እነ አሠልጣኝ አናቶሊ ታራሶቭ ያንን ቅብብል ወደ አዲሱ ጨዋታ ይዘው ገቡ፤ ሶቪየቶች በ1954 መጀመሪያ በተሳተፉበት የዓለም ሻምፒዮና ካናዳን 7 ለ 2 ረትተው አሸናፊ ሆኑ።

ሜዳው ይህን ያህል ከወሰነ፣ በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካውያን በሰፊው ሜዳ ሶቪየቶችን 4 ለ 3 እንዴት አሸነፉ? የሚል ይኖራል። መልሱ አሠልጣኙ ኸርብ ብሩክስ ናቸው፤ ተጫዋቾቻቸውን ለወራት ያለማመዱት የአውሮፓውያኑን ቅብብልና ሩጫ ከራሳቸው ብርታት ጋር አዋሕደው ነበር። የሚከብደው የኤን ኤች ኤሉ ቡድን የዲትሮይት ጥያቄ ነው፦ አሠልጣኙ ስኮቲ ቦውማን በጠባቡ ሜዳ ላይ ፌቲሶቭንና ላሪዮኖቭን ጨምሮ አምስት ሩሲያውያንን በአንድ ላይ አሰልፈው፣ ቡድኑ በ1997 የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ወሰደ። እዚህ ላይ ሐሳቤን ማረም አለብኝ፤ የሚወስነው የሚጫወቱበት ሜዳ ሳይሆን ያደጉበት ነው። አምስቱ በጠባቡ በረዶ ላይም ፓኳን ወደ ጥግ ከመስደድ ይልቅ ወደ ኋላ መልሰው፣ ክፍተት እስኪያገኙ እየተቀባበሉ፣ እንደገና ይጀምሩ ነበር።