ከዓይን ሥር የሚታይ ጥቁረትና የቤት መድኃኒቱ

ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊት ያየ ሰው ሁሉ «ምነው ዓይናችሁ ጎደጎደ?» ሳይል አያልፍም። እኛም ለፈተናው ስናነብ አምሽተን፣ ጠዋት ኪያር ዓይናችን ላይ ለጥፈን እንገኛለን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የጓደኞቼ ሳይሆን የእናቴ ዓይን ነው።

እናቴ በመርካቶ በርበሬ ተራ ዛላ በርበሬ ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት ከዓይኗ ሥር ጠቁሮና አብጦ ባየሁ ጊዜ፣ ከጎረቤትም ከጓደኛም የሰማሁትን መድኃኒት ሁሉ ሞከርሁላት።

አስቀድሜ የቆዳውን ነገር ላስረዳ። ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ይልቅ ስስ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች በሻሽ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ወደ ውጭ ይታያሉ፤ ጥቁረት የምንለው ከፊሉ ይኸው ነው። ከፊሉ ደግሞ ከወላጅ የሚወረስ የቆዳ ቀለም ነው። ዓይንን ደጋግሞ ማሸትም ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ በርበሬ ተራ ውሎ ዓይኑን የማያሽ ሰው ካለ አሳዩኝ! እብጠቱ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሌሊት ተጋድመን ሳለን የሚጠራቀም ውሃ ነው፤ ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላን ይብሳል።

እንግዲህ የኪያርና የድንች ሥራ አንድ ነው፤ ቅዝቃዜያቸው የደም ሥሮቹን ያጠባል፤ እብጠቱም ለጥቂት ሰዓት ይቀንሳል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅም ያንኑ ያደርጋልና፣ ኪያሩን መብላት ይሻላል ባይ ነኝ። ሻይ ጥቂት ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው ካፌይንም የደም ሥርን ያጠባልና። የፈላውን ሻይ ቅጠል አቀዝቅዤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ በተከደነው ዓይኗ ላይ ባኖርሁ ጊዜ እብጠቱ ጎደለ፤ ጥቁረቱ ግን እንዳለ ነበረ።

የሎሚው ጥፋት የእኔ ነው። «ቆዳ ያነጣል» ሲሉ ሰምቼ ቀባኋት፤ እርስዋም ፀሐይ ላይ ስትውል ቆዳዋ ተቃጥሎ ከበፊቱ ይልቅ ጠቆረ። የሎሚ ጭማቂ የነካውን ቆዳ ፀሐይ እንደሚያቃጥለው ያወቅሁት ኋላ ነው። ጎረቤታችንም «ኩል ተኳዪበት፤ ይሸፍነዋል» አሏት። ኩል የእናቶቻችን ጌጥ እንደ ሆነ አልክድም፤ ዳሩ ግን በብዙ አገር ኩል የሚፈጨው ጋሌና ከሚባል፣ እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው (የምንጽፍበትን እርሳስ ሳይሆን ለመኪና ባትሪ የሚሆነውን ማለቴ ነው)። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ኩል ለመዋቢያ መሸጥ አልተፈቀደም። በብልቃጥ ያለውን በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል ታናሽ እኅቴ እንዳትነካው ከቤት አስወጣነው።

በመጨረሻ እናቴ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመርና ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ጥቁረቱን ትተው የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርገው ውስጡን አዩ። ቀይ መሆን የሚገባው ገርጥቶ ነበር። ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ ተገኘባት። ደም ሲያንስ ፊት ስለሚገረጣ የዓይን ሥር ጥቁረት ይጎላል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ድንች ስከትፍ ነበር!

የብረት ኪኒን ታዘዘላት፤ ምክርም ተጨመረ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ፣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት በሚገባ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። እናቴ ደግሞ እንጀራ በሽሮዋን በልታ ሳትጨርስ ሻይ የምታዝ ሴት ናት። ሎሚ ግን ከምግብ ጋር ሲበላ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ስለዚህ ዓይኗን የጠቀመው ሻይ ከምሳዋ ራቀ፤ ቆዳዋን ያቃጠለው ሎሚ ሰላጣዋ ላይ ተጨመቀ።

ጥቁረቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ አያቴም እንዲሁ ነበረች። ደረጃውን ግን እናቴ ሳታርፍ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት በጥናት ደክሜ ዓይኔ ጎድጉዶ ብታየኝ፣ እርስዋም እንደ ሲስተሯ የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርጋ አየችና «አንቺስ ቀይ ነው፤ ይልቅ መብራቱን አጥፊና ተኚ» አለችኝ።